የሰሜን ሸዋ ገባር ወንዞች፦ የክረምቱ ደለልና የበጋው ፍሳሽ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ የአገር መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ፣ ስለ ዓባይ ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዓባይን ዓባይ ስላደረጉት ገባሮች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚያው በ2017 ዓ.ም አዲስ አበባ የወንዞች ዳርቻ ልማትንና የብክለት መከላከልን የሚመለከት ደንብ ስታወጣ፣ "የእኛስ ወንዝ?" የሚለው ጥያቄ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተሻገረ። ደብረ ብርሃን ላይ ጥያቄው የሚነሳው በበሬሳ ወንዝ ስም ነው።

ወንዙን የጎዳው ማን ነው በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ወገን ጣቱን የሚቀስረው በፋብሪካዎች ላይ ነው። ሌላው ተዳፋቱን እያረሰ አፈሩን ለጎርፍ የሰጠው ገበሬ ነው ይላል። ሦስተኛው ባሕር ዛፍን ይከሳል፤ አራተኛው ደግሞ ዝናቡ ተለውጧል ብሎ ጉዳዩን ወደ ሰማይ ያሻግረዋል። ሁሉም የተወሰነ እውነት ይዘዋል። የማይግባቡት ስለ አንድ ወንዝ እየተናገሩ ስለ አንድ ወቅት ስለማይናገሩ ነው። የሰሜን ሸዋ ገባር ወንዝ በሐምሌ የሚታመመውና በመጋቢት የሚታመመው የተለያየ ሕመም ነው፤ የሐምሌው ግን የመጋቢቱን ያባብሰዋል። ይህ ትስስር ካልታየ ክርክሩ እርስ በርስ ከመካሰስ አያልፍም።

አንድ ጋራ፣ ሁለት ተፋሰስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበር ላይ ሲደርስ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለያየውን ጋራ ያቋርጣል። ተፋሰስ ማለት የወረደበትን ዝናብ ሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚያወርድ የመሬት ክልል ነው። ከጋራው በስተምዕራብ የዘነበው ውኃ በበሬሳ፣ በጫጫ፣ በሞፈር ውኃ፣ በአዳባይና በወንጪት በኩል አድርጎ ጀማ ውስጥ ይገናኛል፤ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል። በስተምሥራቅ የዘነበው በከሰም፣ በሮቢ፣ በጀውኃና በአጣዬ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ያለ የመሬት አያያዝ በአንድ ወገን ሕዳሴ ግድብን፣ በሌላ ወገን ደግሞ በአፋር የሚገኘውን የከሰም ግድብና የአዋሽን መስኖ ይነካል።

የመሬቱ አቀማመጥ ለውኃ ጉልበት ይሰጣል። የጋራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው ውኃ የሚሸፍነው አግድም ርቀት አጭር ስለሆነ ከላይ የለቀቀውን አፈር በመንገድ ላይ ለማራገፍ ጊዜ የለውም። በምዕራቡ በኩል ሜዳው ሰፊ ቢሆንም ሜዳው የሚያልቅበት ቦታ ገደል ነው፤ የጀማ ሸለቆ ከአምባው ጫፍ ብዙ መቶ ሜትር ወደ ታች ይሰምጣል።

ክረምት፦ እርቃኑን የቀረ ማሳ

የደጋው ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል። ስንዴም ጤፍም የደቀቀና የለሰለሰ ማሳ ይፈልጋሉ። ሰኔ ሲገባ ማሳው ታርሶ ይጠብቃል፤ ቡቃያው ግን ገና መሬቱን አልሸፈነም። የዝናቡ ጠብታ የሚያርፈው በቀጥታ በአፈሩ ላይ ነው። ጠብታው የአፈሩን ጓል ይበትናል፤ የተበተነው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ መስረጉን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል።

ይህ ግምት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አጠገብ የምትገኘው አንዲት ጥድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ካተኮረባቸው ጥቂት የአገሪቱ ጣቢያዎች አንዷ ነች። እዚያ የዝናብ፣ የጎርፍና የደለል ልኬት ለዓመታት ተመዝግቧል። ከጣቢያዎቹ መረጃ በመነሳት በአገር ደረጃ የተሰላው አማካይ፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ያሳያል። ወደ ውፍረት ሲመነዘር ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በአንድ ክረምት ዓይን የማይይዘው ውፍረት ነው፤ አንድ ገበሬ በሚያርስበት ዕድሜ ውስጥ ግን ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ የደጋው ተዳፋት ደግሞ ብዙ የሚታጠብ አፈር የለውም።

ከዚያው መዝገብ የተገኘና በሕዝብ ውይይት የማይነሳ ሌላ ግኝት አለ። በአንድ ሊትር ጎርፍ ውስጥ የሚገኘው ደለል ከፍተኛ የሚሆነው በክረምቱ መግቢያ ነው። ነሐሴ ላይ የውኃው መጠን ቢጨምርም እያንዳንዱ ሊትር የሚሸከመው አፈር ይቀንሳል፤ ሰብሉ አድጎ መሬቱን ሸፍኗል፣ በቀላሉ የሚታጠበውም አስቀድሞ ታጥቧል። ስለዚህ የወንዙ ወሳኝ ጊዜ ትልቁ ጎርፍ የሚመጣበት ሳይሆን ማሳው ታርሶ ገና ያልበቀለበት ነው።

በሞረትና ጅሩ ወረዳ ሜዳዎች ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ዋልካማ አካባቢ ገበሬው ዝናቡ እስኪቀል ጠብቆ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ይዘራል። አርሶ የጠበቀው ማሳ የክረምቱን ብርቱ ሳምንታት ያለ ምንም ሽፋን ያሳልፋል። እነዋሪ አካባቢ ግን ሰፋ ያለ መደብ በእጅ እየከመሩ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጡ ውኃውን የማጠንፈፍ የቆየ ልማድ አለ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ በሙሉ ይሳተፍበታል። ጥቅሙ አስቀድሞ ለመዝራት ማስቻሉ ነው። ገበሬው የሚሠራው ለምርቱ ብሎ ቢሆንም ቀድሞ የሸፈነ ማሳ ለወንዙም ይበጃል። ስለ አፈር ጥበቃ በሚሰጡ ሥልጠናዎች የእርከን ሥዕል ከሚያዩት ይልቅ የእነዋሪን መደብ ቢያዩ የሚጠቀሙ ወረዳዎች ጥቂት አይመስሉኝም።

ፈሰስ የሚያበቃበት ቦታ

ቦረቦር ከየት እንደሚነሳ ለመረዳት አንድ ፈሰስ መከተል በቂ ነው። ፈሰስ ገበሬው ከዘራ በኋላ በማሳው ላይ በማረሻ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ ነው። ትርፉ ውኃ ዘሩን እንዳያጥበው ያስወጣል፤ ለማሳው ይጠቅማል። ጣጣው የሚመጣው ከማሳው ጫፍ ነው። የአንዱ ማሳ ፈሰስ ከጎረቤቱ ፈሰስ ጋር ድንበር ላይ ይገናኛል። ድንበሩ ብዙ ጊዜ ቁልቁል የተሰመረ ስለሆነ የተሰበሰበው ውኃ እዚያ ጉልበት ያገኛል። በመጀመሪያው ክረምት ስንጥር የምታህል መሥመር ትታያለች። በሁለተኛው ውኃው ከታረሰው አፈር በታች ያለውን ጠንካራ ንጣፍ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩ ከሥር እየተቦረቦረ መናድ ይጀምራል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ በሬ የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል።

ድንበሩ የሁለት ጎረቤቶች ነው። አንደኛው ክትር ልሥራ ቢል ውኃው ወደ ሌላኛው ማሳ ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ካልተስማሙ ሥራው አይጀመርም። ቦረቦሩ ወደ አንደኛው ወገን ሲያዘነብል ደግሞ መሬት የቀነሰበት ይከሳል፣ ሌላው ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት ማሳው ውስጥ ያለው እርከን ደህና ሆኖ ሳለ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ድንበር ወንዙን የሚሞላውን ደለል ሲያወርድ ይታያል።

መንገድም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ የገጠር መንገድ ሲሠራ በሰፊ ተዳፋት ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ በመንገዱ ቦይ ተሰብስቦ በጥቂት ቱቦዎች ይወጣል። ቱቦው የሚተፋበት ማሳ ባለቤት ከመንገዱ የሚያገኘው ጥቅም እንደተጠበቀ ሆኖ አዲስ ቦረቦርም ይረከባል። የደለሉ ዕዳ ሁሉ በእርሻ ላይ የሚጫንበት ሒሳብ ይህን አይቆጥርም።

ድንጋዩን ገልብጦ ማየት

ደለል ውኃውን ከማደፍረሱ ባሻገር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከወንዙ አልጋ አንድ ድንጋይ ማንሳት ይበቃል። ጤነኛ በሆነ የደጋ ጅረት ውስጥ የድንጋዩ ሆድ ባዶ አይደለም። ጠፍጣፋ አካልና በጅራታቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው የነፍሳት እጮች ተጣብቀውበት ይገኛሉ፤ ከጠጠር የራሳቸውን ጎጆ የሚሠሩም አሉ። እነዚህ ፍጥረታት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ የሚኖሩትም በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ደለሉ ክፍተቱን ሲሞላው መኖሪያቸው ይጠፋል፤ እነርሱን የሚበላው ዓሣም ይሳሳል። ከከተማ በታች ያለ ድንጋይ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ማኅበረሰብ ይታያል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ መኖር የሚችሉ ቀያይ ትሎችና አልቅት ይበዛሉ። ተመራማሪዎች እነዚህን እንስሳት የወንዝ ጤና መለኪያ የሚያደርጓቸው ለዚህ ነው። የውኃ ናሙና የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ሲሆን እጮቹ ግን ያለፉትን ወራት ታሪክ ይዘዋል። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ለሚመጣ መርማሪ ላይታይ ይችላል፤ የሞቱት እጮች ግን በማግስቱ አይመለሱም።

በጋ፦ ውኃው ሲያንስ

ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ወንዙ የሚፈሰው በዝናብ አይደለም፤ የበልግ ዝናብ አልፎ አልፎ ቢያግዘውም። የሚፈሰው በክረምት ወደ መሬት ሰርጎ በምንጭ በኩል ቀስ እያለ በሚወጣ ውኃ ነው። የውኃ ባለሙያዎች ይህን መነሻ ፍሰት ይሉታል። ከተማው ወደ ወንዝ የሚያወርደው ፍሳሽ ግን በወቅት አይቀንስም፤ ሰው በክረምትም በበጋም ይታጠባል፣ ፋብሪካም ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 65,231 ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ቢራ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳና ሌሎች ፋብሪካዎች ተስፋፍተውባታል፤ በ2011 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከግጭት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ተጠልለውባታል። በጊዜያዊ መጠለያ ለሚኖር ሰው በቂ መጸዳጃ አለመኖሩን በነዋሪው ጥፋት ማስላት ፍትሐዊ አይደለም። ወንዙ ግን የቆሻሻውን ምክንያት አይጠይቅም።

የቤት ፍሳሽ፣ የቄራ ተረፈ ምርትና የቢራ ፋብሪካ ዝቃጭ የሚጋሩት ባሕርይ አለ። ሁሉም የሚበሰብስ ነገር ይይዛሉ። ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን ብስባሽ ሲያብላሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት መጠን ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት ይባላል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ መሆኗ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ ውኃው በተመሳሳይ ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ቅዝቃዜው ጥቂት ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የደጋ ወንዝ ገና ከመነሻው ብዙ የሚያባክነው ኦክስጅን የለውም።

የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ጉዳይ ይለያል፤ ክሮሚየም የተባለው ማዕድን አይበሰብስም፣ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ በወንዙ አልጋ ላይ ይከማቻል። ክረምት ሲመጣ ተነስቶ ወደ ታች ይጓዛል።

አሁን ሁለቱን ወቅቶች እናገናኝ። አንድ ጭብጥ ጨው በእንስራ ሙሉ ውኃ ውስጥ ቢጨመር ላይታወቅ ይችላል፤ ያው ጭብጥ በአንድ ጣሳ ውኃ ውስጥ ቢጨመር አያስጠጣም። በበጋ የወንዙ ውኃ ከእንስራነት ወደ ጣሳነት የሚወርድበት ዋናው ምክንያት በላይኛው ተፋሰስ ነው። የተራቆተ ተዳፋት ዝናቡን ስለማያሰርግ በክረምት ብዙ ጎርፍ፣ በበጋ ጥቂት ምንጭ ይሰጣል። ስለዚህ የከተማው ፍሳሽ ቅንጣት ሳይጨምር እንኳ ብክለቱ ሊጨምር ይችላል። ገበሬውን የሚከሱም ፋብሪካውን የሚከሱም በየፊናቸው እውነት ይዘው የማይግባቡት እዚህ ላይ ነው።

በበጋ የሚቀረውን ጥቂት ውኃ የሚሻማም አለ። በወንዙ ዳርቻ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጎመን የሚያለማው ገበሬ በፓምፕ ውኃ ይስባል። የመስኖ ልማት የመንግሥት ፖሊሲ ነው፤ ገቢውም እውነተኛ ነው። ይሁንና ከከተማው በላይ በኩል የተሳበው ውኃ ፍሳሹን ሊያቀጥን ይችል የነበረ ውኃ ነው፤ ከከተማው በታች የተሳበው ደግሞ ፍሳሹን ይዞ ወደ አትክልት ይሄዳል። ከሰገራ ጋር ንክኪ መኖሩን የሚያመለክቱት ኮሊፎርም የተባሉ ባክቴሪያዎች በዚህ መንገድ ተመልሰው ከከተማው ገበያ ይደርሳሉ። ጎመኑ ተቀቅሎ ይበላል፤ ሰላጣና ካሮት ግን ጥሬውን ነው።

ኩበትና ባሕር ዛፍ

የላይኛው ተፋሰስ ለምን ውኃ ማሰረግ አቃተው ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ "ደኑ ተመንጥሮ" የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዞን ብዙው ደጋ ደኑን ያጣው ከብዙ ትውልድ በፊት ነው። ዛሬ የሚካሄደውን ለመረዳት ወደ ምድጃው ማየት ይበጃል። እንጨት በሌለበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ማለት ወደ ማሳ ያልተመለሰ ፍግ ማለት ነው። ፍግ ያጣ አፈር ብስባሹ ይቀንሳል፤ ብስባሽ ያጣ አፈር ጓሉ በቀላሉ ይበተናል፤ የተበተነው ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። በአንዳንድ የሰሜን ሸዋ ደጋ አፈሩን ከምሮ በኩበት የማጋየት የቆየ ልማድም አለ። የጋየ አፈር ለአንድ ሁለት ዓመት ገብስ ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ በአፈሩ ውስጥ የታሰረው ንጥረ ነገር ይለቀቃልና። ብስባሹ ግን ተቃጥሎ ያልቃል፣ አፈሩም ወደ አሸዋማነት ያዘነብላል፣ መሬቱ ለዓመታት ጦም ማደር ግድ ይለዋል። መሬት በሰፋበት ዘመን የሚያዋጣ ስሌት ነበር።

ባሕር ዛፍ በዚህ ዓይን ሲታይ ክሱ ይወሳሰባል። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ በጅረት ዳርና በምንጭ አናት ላይ ሲተከል ምንጩን ያዳክማል። ከሥሩ ሣር አለመብቀሉና የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ መወሰዱም መሬቱን ያራቁታል። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ኩበቱን ለማሳ ማዋል ይችላል፤ ክፉ ዓመት ሲመጣም ዛፉ ተሸጦ እህል ይገዛበታል። ይነቀል የሚለው ጥሪ ከምድጃው ጥያቄ ጋር አብሮ መልስ ካላገኘ ሰውን ወደ ኩበቱ ይመልሳል። ሊያከራክር የሚገባው የተተከለበት ቦታ ነው። ለመስኖ በማይመች ራስ ተዳፋት ላይ ያለ ባሕር ዛፍና በምንጭ አፍ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ አንድ ዓይነት ፍርድ አይገባቸውም።

የዝናብ ለውጥ ጉዳይም በአጭሩ ይነሳ። የበልጉ አለመተማመን ገብስና ምስር የሚዘራውን ደገኛ በእርግጥ ጎድቶታል። ይሁንና ዝናቡ ሲቆራረጥ የማሰረግ አቅም ያለው መሬት ይበልጥ ያስፈልጋል። የአየር ንብረት ክርክር የመሬት አያያዝን ኃላፊነት አይሰርዝም።

ከጋራው በታች

በምሥራቁ ቆላ ስሌቱ ይገለበጣል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሮቢን ውኃ ጠልፎ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ማምረት የኑሮ መሠረት ነው። እዚህ የሚያሳስበው ከአፈር መታጠብ ይልቅ የተባይ ማጥፊያ ነው። ሽንኩርት በአንድ የምርት ወቅት ደጋግሞ ይረጫል። የጀርባ መርጫው የሚሞላውም የሚታጠበውም ቦዩ ዳር ነው፤ ባዶው ዕቃ አንዳንዴ እዚያው ይጣላል፣ አንዳንዴም ለውኃ መቅጃ ይውላል። መድኃኒቱ በውኃ ውስጥ ቶሎ የሚፈርስ ዓይነት ቢሆን እንኳ ለዓሣና ለነፍሳት ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።

ቦዩ ራሱም ከጤና ጋር የተያያዘ ነው። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ የሚታወቀው ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው ቀስ ብሎ በሚፈስ፣ ሣር በበቀለበት ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። የተላላፊው ዑደት የሚጀምረው ሰገራ ውኃው ውስጥ ሲገባ ነው፤ የሚያልቀው ልጆች ሲታጠቡና ገበሬው ባዶ እግሩን ውኃ ሲያጠጣ ነው። ከላይ የወረደው ደለል ቦዩን ሲሞላው ውኃው ይበልጥ ይዘገያል፣ ለቀንድ አውጣውም ይመቸዋል። በየዓመቱ ቦይ ለማጽዳት ተራ የሚያወጡት የውኃ አባቶች የሚያስወግዱት አፈር ከጋራው አናት የመጣ ነው።

የጓሳ ማስረጃና ወሰኑ

መሬት ሲጠበቅ ወንዝ እንደሚጠበቅ ለማሳየት ከሰሜን ሸዋ የሚጠቀሰው የመንዝ ጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ይህ የሣር ምድር የብዙ ጅረቶች መነሻ ነው። ለዘመናት የጠበቀው በአባ ቄራዎች የሚመራው የቄሮ ሥርዓት ነበር፤ ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ተከልሎ ይቆይና ለሣር አጨዳና ለግጦሽ በተራ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የሥርዓቱ የመብት መሠረት ፈረሰ፤ ጥበቃውም ላላ። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶታል፤ በ2004 ዓ.ም ደግሞ በክልል ደረጃ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል።

ጓሳን እንደ አርአያ የሚያቀርቡ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ጓሳ በቅዝቃዜው የተነሳ ለእርሻ የማይመች መሬት ነው፤ ሥርዓቱም የሚጠቀመውንና የማይጠቀመውን በትውልድ ለይቶ ያውቅ ነበር። አንድ ሄክታር በማይሞላ ማሳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የባሶና ወራና ወረዳ ገበሬ "ተዳፋቱን ተወው" ቢባል ወዴት ይሄዳል? የጓሳ ትምህርት መሬትን ስለመከለል ያህል፣ ከተከለለው መሬት የሚገኘው ሣር ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለመወሰን ነው። በተፋሰስ ልማት ሥራ ከብት እንዳይገባ የተከለሉ ብዙ ጋራዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው የሚጋጡት ይህ ሳይወሰን ስለሚቀር ነው።

በየዓመቱ ጥር አካባቢ የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻም ተመሳሳይ ክርክር ያስነሳል። ደጋፊዎቹ ምንጮች እንደ ገና መፍለቃቸውን ይጠቅሳሉ፤ ይህ በደንብ በተሠራባቸው ቦታዎች እውነት ነው። ተቺዎቹ ዕርከኑ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሪፖርት እንደሚደረግ፣ የት መሠራት እንዳለበት ግን ብዙ እንደማይታሰብ ይናገራሉ። የአንዲት ጥድ መዝገብ ለተቺዎቹ ያደላል። እዚያ በብዙው ተዳፋት አፈሩ የሚያሰርገው ፍጥነት ከአብዛኛው ዝናብ ብርታት የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጎርፉ ይበልጥ የሚመነጨው ከታች ውኃ ከጠገበው ረባዳና አፈሩ ከሳሳበት የተራቆተ ቦታ ነው። ይህ ከሆነ በደህናው ተዳፋት ላይ ሌላ ካብ ከመጨመር ይልቅ ረባዳውን በሣር መሸፈንና የተራቆተውን ማሳረፍ በአነስተኛ ጉልበት የበለጠ ውጤት ይሰጣል። ሪፖርቱ ግን ኪሎ ሜትሩ ያጥርበታል።

ማን ይለካ፣ ማን ይክፈል

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በካይ ድርጅት ፍሳሹን እንዲያጣራ ያስገድዳል። ክፍተቱ በአሠራሩ ላይ ነው። የፍሳሽ ደረጃ የሚወሰነው በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ በሚገኝ የበካይ መጠን ነው። አንድ ፋብሪካ ደረጃውን አሟልቶ ብዙ ሊትር ሊለቅ ይችላል፤ ሦስት ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው ደረጃውን አሟልተው በመጋቢት ወር ከወንዙ አቅም በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ፈቃዱ በወንዙ የበጋ ፍሰት ላይ ተመሥርቶ ጠቅላላ ጭነትን ቢገድብና በበጋ ፍሳሹን የሚያቆይ ገንዳ ቢጠይቅ፣ ሕጉ ሳይለወጥ ብዙ ይለወጣል። ባለሀብቱ ይህ ወጪ ነው ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም፣ ምክንያቱም የከተማው የቤት ፍሳሽ ያለ ማጣሪያ እየወረደ ፋብሪካ ብቻ እንዲያጣራ ማስገደድ ወንዙን አያድንም። የከተማ አስተዳደሩም እንደ አንድ በካይ መቆጠር ይኖርበታል።

ልኬቱ ራሱ ተከፋፍሏል። ግብርና ጽሕፈት ቤት እርከን ይቆጥራል፣ ጤና ጽሕፈት ቤት መጸዳጃ ይቆጥራል፣ ከተማው የተነሳ ቆሻሻ በመኪና ይቆጥራል። ወንዙን በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ወር ዘወትር የሚለካ ግን ብርቅ ነው። ናሙናው ነሐሴ ላይ ከተወሰደ ከተማው ነጻ ይወጣል፤ መጋቢት ላይ ብቻ ከተወሰደ ገበሬው። ቢያንስ ከከተማው በላይና በታች፣ በሰኔ መጨረሻና በመጋቢት የሚወሰድ ልኬት ካልኖረ የትኛውም ወገን ሌላውን በማስረጃ ሊከስ አይችልም።

ስለ ክፍያም በባለሙያዎች ዘንድ የሚነሳ ሐሳብ አለ። የላይኛው ገበሬ መሬቱን አሳርፎ ውኃ ሲያሰርግ የታችኛው ተጠቃሚ ድርሻውን ይክፈል የሚል ነው፤ ለሥነ ምህዳር አገልግሎት ክፍያ ይባላል። ተቃዋሚዎቹ ገበሬው አፈሩን መጠበቅ የራሱ ጥቅም ነው፣ ለምን ይከፈለዋል ይላሉ። ለእርከን ይህ መከራከሪያ ያስኬዳል፤ እርከን በጊዜ ብዛት ለማሳው ባለቤት ይመለሳል። ለድንበር ቦረቦር፣ ለምንጭ አናትና ለረባዳ ግን አያስኬድም። እዚያ መሬቱን የሚያጣው አንድ ሰው፣ ውኃውን የሚያገኘው ሌላ ነው። ከውኃ የሚሠሩ የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችም ሆኑ የሮቢ መስኖ ማኅበራት ገንዘብ ያዋጡ ቢባል መነሻው ከሁሉ በላይ ባሉት ጥቂት ሄክታር ረባዳዎች ላይ ቢሆን ሒሳቡ ቀላል ነው። የትኛው ረባዳ የትኛውን ምንጭ እንደሚመግብ የሚያውቁት ደግሞ ከብቶቻቸውን በበጋ እዚያ የሚያሰማሩት ሰዎች ናቸው፤ ግጦሹ ከተዘጋ በመጀመሪያ የሚጎዱትም እነርሱ ስለሆኑ የክፍያው ስሌት ከሣሩ መጀመር ይኖርበታል።